ሰይድ፣ የኮዬ ፈጬው ኔትወርክ ለኪያችን

ውሸት ነው በሉኝ። እስቲ አንድ ሰው ውሸት ነው ይበለኝ።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጠራ። የሰይድ ቁጥር። እሁድ እሁድ ጠዋት ይደውላል፣ «ገባ?» ይላል፣ ይዘጋል። ኔትወርኩ መሥራቱን ለማየት እንጂ ወሬ አምሮት አይደለም። እኔም እንደ ልማዴ «ገብቷል ጌታው፣ ዛሬስ ስንት አሳየህ?» አልኩት። «ሄሎ? አይሰማም፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሂድ እንጂ!» ብዬ ሳቅሁ።

ወንድሙ ነበር። ሱብሂ ሰግዶ ጋደም እንዳለ አልተነሳም አለኝ። ያ ሳቄ እስካሁን ይከነክነኛል።

ለማታውቁት፣ ሰይድ ከኮዬ ፈጬ አቃቂ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። (ነበር ማለት አልቻልኩም፣ ተዉኝ።) ወሎዬ፣ ረጅም፣ ሳቂታ። ሌላው ሰው ትርፍ ሰዓቱን ኳስ ያይበታል፣ እሱ ኔትወርክ ይለካል። የእውነቴን ነው! በየፌርማታው ተሳፋሪ ሲወርድ ስልኩን አውጥቶ ፍጥነቱን ይለካና ደብተሩ ላይ ይጽፋል። «ኧረ ሹፌር፣ ሥራ ረፈደብን!» ሲሉት «አብሽሩ፣ ዳውንሎዱ አልቋል፣ አፕሎዱ ብቻ ነው የቀረው» ይላል።

እንግሊዝ አገር ማንም ሳይከፍላቸው፣ ለፍቅሩ ብቻ፣ በመኪና እየዞሩ የኔትወርክ ፍጥነት የሚለኩ ሰዎች እንዳሉ ቪዲዮ አይቶ ነው የተለከፈው። ቪዲዮዋን ለማውረድ ራሱ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። «እነሱ ከፈጣን ፈጣን ያማርጣሉ፤ እኔ መጀመሪያ ያለበትን ላግኝ» ይለኝ ነበር።

እሱ ፊት «ኔትወርክ የለም» ያለ ሰው ወየውለት። «የለም አትበል! ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሞክር።» ለምን ግራ እንደሆነ አላህ ይወቀው። የሚገርመው ብዙ ጊዜ ይሠራል።

አንድ ሰሞን ደህና ኔትወርክ ያገኘበትን ቦታ ሁሉ ሰው ይወቀው ብሎ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረገበት። የኔ ሞኝ! እኛ ሰፈር ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ቤቱ ሊፈርስ ነው ማለት ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት አዴ ጫልቱ አጥራቸው ላይ ሲያዩት ከዘራቸውን ይዘው ሚኒባሱ ፊት ቆሙ። «ማን ልኮህ ነው? እኔ ካርታ አለኝ!» ይሉታል። እሱ ደግሞ ደብተሩን ገልጦ «እማማ፣ ሰፈሩ ውስጥ እንደ እርስዎ አጥር ኔትወርክ የሚስብ የለም» ይላቸዋል። ጭራሽ ባሰባቸው። የታረቁት እዚያው አጥሩ ሥር አቁሞ ለልጃቸው ካስደወላቸው በኋላ ነው። በማግስቱ ቀዩን ሁሉ በኖራ ሲሸፍን ዋለ። አዴ ጫልቱ ግን አጥራቸው ሥር ለደዋዮች አግዳሚ አስቀመጡ።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ግን በእናቴ ምክንያት ነው።

ኮንዶሚኒየም ደርሶን ከሳሪስ አቦ ስንመጣ ቤታችን ውስጥ ስልክ አይገባም ነበር። እህቴ ሐና ቤሩት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። መደወል የምትችለው እሁድ ዘጠኝ ሰዓት፣ አሠሪዋ ስትወጣ፣ ለአስር ደቂቃ ብቻ ነው። ሦስት እሁድ ተከታትሎ አልገባላትም። እናቴ «ልጄ አንድ ነገር ሆናለች፣ ደብቃችሁኝ ነው» ብላ እህል አልቀምስ አለች። ውጭ ወጥተሽ ጠብቂ እንዳንላት እግሯ ደረጃ አይወርድም።

ሰይድ ይሄን ሰማ። ቅዳሜን ሙሉ ሚኒባሱን አቁሞ ቤታችንን በየእርምጃው ለካ። አልጋ አነሳን፣ ቁም ሳጥን ገፋን። መጨረሻ ላይ መኝታ ቤት መስኮቱ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በቾክ ክብ ሠራ። «እማማ፣ እዚች ላይ ይቁሙ። ወዲህም ወዲያም እንዳይሉ።»

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት እናቴ ክቧ ላይ ቆመች። ስልኩ ጠራ። የእናቴን ለቅሶ ተዉት፣ ሰይድን ብታዩት! እንደ ሕፃን ነው የተንሰቀሰቀው።

በኋላ ወለሉን ነጭ ሴራሚክ ስናስነጥፍ እናቴ «ሰይድ የለካትን ቦታ ቀይ አድርጉልኝ» አለች። ቤታችን መጥታችሁ በዚያች አንድ ቀይ ሴራሚክ የሳቃችሁ፣ ነገሩ ይሄ ነው። ሐናም ከዚያ ወዲህ «ወንድሜ ሰይድ እንዴት ነው?» ሳትል ስልክ ዘግታ አታውቅም። አሁን የሚለካበትን ስልክ እንኳ የላከችለት እሷ ናት።

ዛሬ ከዙህር በኋላ ቀበርነው። ቤት ስገባ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀይዋ ላይ ቆማለች። ሐና ደወለች፤ እናቴ እንደ ልማዷ ስፒከር ላይ አደረገችው። እናቴ ድምጿን አስተካክላ ስለ ጤና ስለ ሥራ አወራቻት። ከዚያ ያቺ ጥያቄ መጣች፤ እኔም በሩ ጋ ሆኜ ሰማኋት። «ወንድሜ ሰይድ እንዴት ነው?»

መርዶ በስልክ አይነገርም። ያውም በሰው አገር ብቻዋን ላለች ልጅ። እናቴ ደግሞ ውሸት አትችልም። ከቀይዋ ላይ ወርዳ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄደች። መስመሩ ተቋረጠ። ሐና ደግማ ብትሞክርም እንዳይገባ እዚያው ቆማ ቀረች። አስር ደቂቃዋ ሲያልቅ ነው ቁጭ ብላ ያለቀሰችው።

ሐናን የምታውቁ፣ አደራችሁን። ፌስቡክ የላትም፤ አጠገቧ ሆኖ የሚነግራት ሰው እስክናገኝ ዝም በሉልን።

ሰይዶ፣ ያቺን አስር ደቂቃ እናቴ ስትጥላት ያየሁት ዛሬ ገና ነው። ላንተ ብላ ነው። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይስጥህ። የሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ስልኬን ይዤ ቀይዋ ላይ እቆማለሁ፤ እንደማትደውል አውቃለሁ፣ ቢሆንም እቆማለሁ።

ገብቷል ወንድሜ። ደህና ሁን።