እሾህ የሌላት በለስ

ጉድጓድ ሊያስቆፍር ሰቆጣ የመጣ የውሃ መሐንዲስ ታናሽ እህቴን ሊያገባ አሰበ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለአባታችን እጅ መንሻ ብሎ አንድ አሮጌ ሥዕል ይዞ ቤታችን መጣ። ሌላው ሰው ማር ይዞ ይመጣል። ማር ቢሆን ቀምሼ አጣራው ነበር፤ ወረቀት በምን ይጣራል? ገና ከበሩ ሲገባ ጠረጠርኩት። እኔ እንኳን ሰውን፣ ጥላዬንም ከኋላዬ ዘግየት ሲል «የት ቆየህ?» የምል ነኝ።

ሥዕሉ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ሰፋፊ ቅጠል፣ ጠቆር ያለ ፍሬ፣ ከጎኑ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ የቀላ ሌላ ፍሬ። ከሥሩ የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት።

«በለስ ነው፣ አባ። ከጥንት መጽሐፍ የወጣ ነው፤ ቀለሙም በእጅ የተቀባ ነው ብሎኛል ሻጩ» አለ።

በለስ! በእኛ አገር በለስ ማለት ገደሉን ሁሉ የወረሰው ባለ እሾሁ ነው። አንዷን የበላ ሰው እሾሁ ከከንፈሩ ተለቅሞ እስኪያልቅ ክረምት ይገባበታል። ይሄኛው ግን እንደ ሙሽራ እጅ ልስልስ ነው።

«እሾሁን የት ጥለኸው መጣህ?» አልኩት።

«የምን እሾህ?»

ያዝኩት! የበለስን እሾህ የደበቀ ሰው፣ አገሩ ላይ ሚስት አለመደበቁን ማን አየ? ጣቴን በምራቄ አርሼ ፍሬውን ፈተግ አደረግሁት። ጣቴ ወይን ጠጅ ሆኖ ተመለሰ።

«ይለቃል! ትናንት የተቀባ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ወረዳ ደሃና ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«ጋሼ! በምራቅህ?» አለች እህቴ፣ ልታለቅስ ደርሳ። መሐንዲሱ «በእጅ የተቀባ ሥዕል ውሃ አይወድም» ሲል ማን ሰምቶት።

ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የፈጁት አባታችን ሥዕሉን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«አዳም ቅጠሏን ሰፍቶ ያገለደማት በለስ ይህች ናት። የእኛይቱን አገልድሞ ቢሆን ኖሮ ከገነት እስኪያስወጡት ባልጠበቀ፤ እየጮኸ ራሱ ይወጣ ነበር» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። መሐንዲሱ ግን አንገቱን ደፋ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ አባ። በለስ ይሁን ዋርካ እኔ አላውቅም። አምሮኝ ነው የገዛሁት።»

«ይኸው! አላውቅም አለ! በአፉ አመነ!» አልኩ።

«ሰማን» አለች እህቴ። «እዚህ ቤት አላውቅም የሚል ወንድ ዛሬ ገና መስማቴ ነው። አባባ፣ ሽማግሌዎቹን ይቀበሏቸው።»

አባታችን እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። «እሑድ ይምጡ» አሉ። እኔም በር ላይ ቆሜ እንድቀበላቸው ታዘዝኩ፤ አፌን ዘግቼ።