በኖራ የተሰመረው ሳሎን

ከዚራ ሰፈር ስደርስ የመንገዱን ዛፎች ግንድ ኖራ እየቀቡ ነበር። በዓል ሲቃረብ ወይም ትልቅ እንግዳ ይመጣል ሲባል የሚደረግ ነው፤ ቱታ የለበሱ ሁለት ሴቶች ባልዲያቸውን ከዛፍ ወደ ዛፍ እየጎተቱ፣ ግንዱን ከሥሩ እስከ ሰው ወገብ ድረስ ነጭ ያደርጉታል፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል መንገዱ ሁሉ ጉርድ ቀሚስ የለበሰ ይመስላል። እኔ የመጣሁት ከፈርኒቸር ቤት ነው። ሻጩ፣ ትዕግሥቱን አይንሳውና፣ ለሦስተኛ ጊዜ እዚያው ሶፋ ላይ አስቀምጦኝ፣ ጨርቁን አስዳብሶኝ፣ «እናቴ፣ ግራጫው ይሻልዎታል ወይስ ቡኒው?» ቢለኝ ሁለቱም ያው ነው ብዬው ወጣሁ። ላሾፍበት አልነበረም፤ ከልቤ ያው ስለሆነብኝ ነው።

የእርጥብ ኖራን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ያቃጥላል፣ ዝናብ የነካው ድንጋይ ድንጋይ ይላል። አንደኛዋ ሴትዮ «ልብስዎን እንዳይነካዎት» እስክትለኝ ድረስ ባልዲው አጠገብ ተገትሬ መቆሜን አላስተዋልኩም። ስድስት ወር ሙሉ ምንም ነገር እንደዚያ አቁሞኝ አያውቅም።

ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት መኝታ ቤት ያለው ኮንዶሚኒየም ደርሶኛል፤ ቁልፉን ከተቀበልኩ አሥራ አንድ ወር ሆኖኛል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ከአንድ መጥረጊያ፣ ከአንድ ባልዲና ቀለም ቀቢዎቹ ረስተውት ከሄዱት ጣሳ በቀር ምንም የለም። እናቴ ቤቱን ሳታየው ሞተች። ያላየችውም ዕቃ ሳልገዛ አላሳይሽም ስላልኳት ነው። እሷ ከሞተች በኋላ ደግሞ ዕቃ የሚገዛው ለምን እንደሆነ ጠፋብኝ። ታናሽ ወንድሜ ብሩክ ከአዳማ በየሳምንቱ እየደወለ «ገዛሽ?» ይለኛል፤ እኔም በየሳምንቱ «እያየሁ ነው» እለዋለሁ። ውሸት አይደለም፣ እያየሁ ነው።

ዕቃ የሚገዛው የራስ ቤት ሲኖር ነው የሚለው ሕግ የእናቴ ነው። ያደግነው እዚሁ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ የአንድ ትልቅ ቪላ ጓሮ፣ ተርታውን ከተሠሩት ሰርቪስ ክፍሎች በአንዷ ውስጥ ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ክፍሏ ጠባብ ነበረች፤ በውስጧም አንድ ሽቦ አልጋ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ሁለት ዱካና አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ነበሩ፤ በሐሩሩ ወራት አልጋው ወደ ግቢ ሲወጣ ክፍሏ ከነጭራሹ ባዶ ትሆንና ድምፃችን ያስተጋባ ነበር። እናቴ አስካለ ግን ይህ የሆነው እጅ ስላጠረን ነው ብላ በፍጹም አታምንም። «ለሰው ቤት ዕቃ አይገዛም» ነበር የምትለው። የራሳችንን ስንሠራ ሶፋው ይመጣል፣ ቡፌው ይመጣል፣ ቁም ሳጥኑ ይመጣል። እስከዚያው እሷ ዳንቴል ትሠራ ነበር፤ ለሶፋው መደገፊያ፣ ለሶፋው ክንድ፣ ለቡፌው አናት፤ የሌለ ሶፋ ልብስ ሞልቶት የቆርቆሮ ሳጥኑ አልዘጋ ስለሚል ብሩክ ላዩ ላይ ካልተቀመጠበት አይቆለፍም ነበር።

ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ሆዮ ሮዳ ትኖር ነበር። ባሏ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፣ እሷ ቀፊራ ገበያ ሽቲ ትሸጣለች፤ ያን የድሬ ሴቶች ለሙቀቱ ብለው የሚለብሱትን ስስ ጨርቅ። ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው፤ እናትም ልጇን መልሳ ሆዮ ነው የምትለው፤ ስለዚህ እኔና እሷ ስንጠራራ የሰማ ሰው ማን ማንን እንደወለደ አይገባውም ነበር። ክፍሏ ውስጥ ወንበር የሚባል ነገር የለም፤ ከጥግ እስከ ጥግ ምንጣፍ፣ በግድግዳው ዙሪያ መከዳ። የቤት ሥራዬን የምሠራው እዚያ በሆዴ ተኝቼ ነው። እናቴን ወንበር የሌላት ጎረቤቷ ታሳዝናት ነበር፤ ሆዮ ሮዳን ደግሞ ወንበር ስትጠብቅ የምትኖር ጎረቤቷ ታሳዝናት ነበር፤ እንዲህ እየተዛዘኑ ብዙ ዓመት አብረው ኖሩ።

አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር፤ እጁ ከግራሶ ተላቆ የማያውቅ ዝምተኛ ሰው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከማኅበር ጋር ሆኖ ሳቢያን በኩል ቦታ አገኘ፤ ያን ጊዜ የከተማው ዳር ነበር፣ እሾህና ድንጋይ ብቻ። ለመሠረት የሚሆነው እስኪጠራቀም ድረስ ቤቱ እንዳይረሳ ይመስለኛል፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይዞን ይሄድና፣ ቂጡን በሚስማር የበሳውን የወተት ጣሳ ኖራ ሞልቶ፣ ሲባጎ ወጥሮ፣ ጣሳውን በሲባጎው ላይ እያራገፈ ቤቱን መሬት ላይ ያሰምረዋል። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት። ሥራው ሲያልቅ ራቅ ብሎ ቆሞ ያየዋል፤ ጫማውና የሱሪው ጫፍ ነጭ ሆኖ፣ ያ ሽታ ከላዩ እየተነሣ።

ጉዱ የጀመረው በቡፌው ነው። እናቴ ሠርግ ተጠርታ ሄዳ፣ ሙሽሮቹን ትታ እዚያ ቤት ያየችውን ባለ መስታወት ቡፌ በክንዷ ለክታ የመጣች ሴት ናት። አባቴ ባሰመረው ሳሎን ውስጥ ገብታ ክንዷን ዘርግታ ለካችና ቡፌው በሩን እንደሚዘጋው አረጋገጠች። «አቦ አስካለ፣ መጀመሪያ ቤቱ ይሠራ፣ ቡፌው ይደርሳል» አላት። «ቡፌ የማይገባበትን ቤት ምን ላድርገው?» አለችው። አባቴ ትንሽ አሰበና ግድግዳውን በጫማው አጠፋው። ሳሎኑ ሰፋ፣ የእኔና የብሩክ ክፍል ጠበበ። በሚቀጥለው እሑድ ሶፋው ፊቱን ወደ መስኮት ማዞር አለበት ተባለና ክፍላችን እንደገና ጠበበ። ብሩክ ይህ ነገር ስላልጣመው ክፍላችን ውስጥ በጀርባው ተጋደመ፤ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ግድግዳውን አልፎ ደጅ ወጣ። እናቴ አየት አደረገችውና «ልጅ ነው፣ ይታጠፋል» ብላ ወደ ቡፌዋ ተመለሰች።

ደግሞ ሥርዓት ነበረው። በግድግዳ ላይ መራመድ አይቻልም፤ የሚገባው በበር ነው። አንዴ ብሩክ ኳሱን ተከትሎ መኝታ ቤቱን ጥሶ ሳሎን ገባ፤ እናቴ «አንተ፣ ግድግዳ ንደህ ነው የምትገባው? ተመለስ!» ብላ ጮኸችበት፤ ልጁም ተመልሶ፣ ዞሮ፣ በበሩ በኩል ገባ። በሶፋውና በጠረጴዛው መካከልም በጎን ነበር የምናልፈው፣ እንዳንጋጭ። በዚያ የሚያልፉ ገበሬዎች አህያቸውን ቆም አድርገው ያዩን ነበር፤ ምን እንዳሉን እግዜር ይወቀው።

አንድ እሑድ እናቴ ሆዮ ሮዳን ጋበዘቻት። ቤታችንን እዪልኝ አለቻት፣ እንደዚሁ፣ ቤታችንን። ሆዮ ሮዳ ጥሩ ሽቲዋን ለብሳ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዛ መጣችና፣ በኖራው ላይ ክፍት የተተወችው የበር ቦታ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። እናቴ ደንግጣ «ኧረ ሮዳዬ ተይ፣ እሾህ ነው፣ ይወጋሻል!» አለቻት። «ቤት ነው አላልሽኝም እንዴ?» አለችና ጫማዋን ከመስመሩ ውጭ ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ በቀኝ እግሯ ገባች። «ማሻአላህ፣ ሰፊ ነው። ቡፌው በየት በኩል ነው?» እናቴ አሳየቻት። «ሶፋውስ?» አሳየቻት። ሆዮ ሮዳ ሶፋው ላይ፣ ማለት ሶፋው ይቀመጥበታል በተባለው አፈር ላይ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እናቴ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ በመስኮቱ በኩል አጠገቧ ተቀመጠች። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ሻይ ሲጠጡ፣ ሆዮ ሮዳ «ይኸው፣ ቤትሽ እንደኔ ቤት ሆነ» ስትላት፣ እናቴ እስክታነባ ድረስ ስትስቅ አየሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ዝናብ ሲመጣ ኖራው ይታጠብ ነበር፤ ሲያባራ አባቴ አዲስ ኖራ ገዝቶ እንደገና ያሰምራል፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ደረቀ፣ አባቴ ግን ኖራ አልገዛም። ኩላሊቱን ታሞ ነበር። ቦታው ለሕክምናው ተሸጠ፣ ሕክምናው ብዙ አላቆየውም። እናቴ ስለዚያ ቤት ዳግመኛ አላነሣችም፤ ዳንቴሉን ግን መሥራቱን አልተወችም። እኔ ተምሬ ሥራ ይዤ፣ ብሩክ አዳማ ገብቶ፣ እናቴና እኔ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስንዞር፣ የቆርቆሮ ሳጥኑ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጫን ዕቃ ነበር።

ቁልፉን የተቀበልኩ ቀን መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ክብደቱን እንደምታውቅ ሰው ከፍ ዝቅ አደረገችውና «መቼ ነው የምታሳዪኝ?» አለችኝ። «ዕቃ ልግዛና» አልኳት። በሩን ስከፍትላት ሶፋው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ባለ መስታወት ቡፌው በቦታው ሆኖ፣ ዳንቴሉን ሁሉ ለብሶ እንዲጠብቃት ነበር የፈለግሁት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እስከ ዛሬም ክፋት አላገኝበትም። ግን አናጺው «ቡፌ አሁን ማን ያሠራል፣ እናቴ? ቲቪ ስታንድ ልሥራልዎት» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ኤምዲኤፍ የሚሉትን የተጨመቀ እንጨት አትግዢ፣ ውኃ ሲነካው ያብጣል አለችኝ፤ ሌላዋ ደግሞ እንጨቱ በደንብ ካልደረቀ በድሬ ሙቀት ይሰነጠቃል፣ ጠብቂ አለችኝ። ጠበቅሁ። ወለል ላይ የሚነጠፈው አረቢያን መጅሊስ ይሻላል ያሉኝም ነበሩ፤ ያን እናቴ እንደ ሽንፈት ታየዋለች ብዬ ተውኩት። በአራተኛው ወር፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል «ፀሐይ በየት በኩል ነው የሚገባለት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ስትገቢ ታዪዋለሽ» አልኳት። «እሺ» አለች። በአምስተኛው ወር ለስምንት ቀን ታመመች፣ ሞተች።

አላለቀስኩም። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ «ደንዝዛለች፣ ተዋት፣ ይወጣላታል» ሲባባሉ እሰማ ነበር። እስካሁን አልወጣልኝም። ጠዋት እነሣለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ፣ ስመለስ ፈርኒቸር ቤት ጎራ እላለሁ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ እነሣለሁ። ምግብም ሶፋም ሰውም አንድ ዓይነት ጣዕም አላቸው። ከኖራው ባልዲ አጠገብ ቆሜ ይህን ሁሉ ሳስታውስ እንኳን፣ እንባ ሊመጣ ይገባው የነበረበት ቦታ ላይ የመጣው ድካም ነው።

ወደ ቤት ከመሄድ ይልቅ በባጃጅ መጋላ ሰፈር ሄድኩ፣ ሆዮ ሮዳ ጋ። አሁን ልጇ ጋ ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ ደክሟል፣ ምላሷ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ኖራ ሲቀቡ አየሁ አልኳት። አየት አደረገችኝና ዱላዋን ፈለገች።

«ተነሺ ሆዮ፣ ቤትሽን አሳዪኝ።»

«ባዶ ነው፣ ሆዮ። መቀመጫ የለውም።»

«መቀመጫ ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ።

ሁለተኛ ፎቅ ስለሆነ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ አረፈች። በሩን ከፈትኩ። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ እያቃሰተች፣ ጫማዋን አንድ በአንድ አወለቀችና ከበሩ ውጭ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በቀኝ እግሯ ገባች። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ በትልቁ መስኮት ገብቶ ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ ነበር። ዙሪያዋን አየችና «ማሻአላህ» አለች። ከዚያ፣ ልክ ትናንት ያቋረጥነው ጨዋታ ይመስል፣ «ቡፌው በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ግድግዳውን አሳየኋት። «ሶፋውስ?» መስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ወለል አሳየኋት። እጄን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። በእሷና በመስኮቱ መካከል የአንድ ሰው ቦታ ተወች። እኔ በሌላው ጎኗ ተቀመጥኩ። ወለሉ ለብ ያለ ነበር፣ አይጎረብጥም። ሆዮ ሮዳ በመካከል አንድ ጊዜ የተወችውን ቦታ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ እናቴን የማስቀምጥበት ነገር ስፈልግ ነበር። እናቴ ግን ግድግዳ የሌለው ቤት ውስጥ፣ እሾህ ባለበት አፈር ላይ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀምጣ፣ እስክታነባ ስትስቅ በዓይኔ አይቻታለሁ። ይህን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ትቀመጥ ነበር። ጠይቄያት አላውቅም።

ከኪራይ ቤታችን እስከዚህ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ነው።