ቅንድብ የያዘ ሹሩባ

ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ፣ ረክሻ የሚሏቸው ባጃጆች ተሰልፈው ከሚቆሙበት ጥግ አለፍ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ አለች። የከተማው የሐበሻ ሴቶች «ዙፋን ዘንድ» ሲሉ እሷን ማለታቸው ነው። ሠርግ ያለባት፣ ክርስትና የተጠራች፣ ባሏ ከእርሻ የሚመለስላት ሁሉ እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ለዙፋን ትሰጣለች። የዙፋን ሹሩባ ጥብቅ ነው። ሴቶቹ ስም አውጥተውለት «ዕድሜ ቀናሽ» ይሉት ነበር፤ ከዙፋን እጅ የወጣች ሴት ግንባሯ ተወጥሮ፣ ቅንድቧ ሽቅብ ተስቦ፣ ገና አሁን ወሬ ሰምታ የተደነቀች ትመስላለችና።

ዙፋን ወደ ሱዳን የገባችው በዚያ በክፉው የረኀብ ዘመን፣ በመተማ በኩል፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው። መጎንጎንንም የተማረችው ከእናቷ ነው። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ እንዳለው የሚባል ሰሊጥ አጫጅ አግብታ ማሬን ወለደች። እንዳለው መፋዛ እርሻ ላይ ሳለ ካላዛር ያዘው። ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ፣ መንገዱን ጭቃ ስለዘጋው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የሚኖሩት በዙፋን ጣቶች ሆነ።

እንዳለው በሞተ በዓመቱ ዙፋን አንድ ማለዳ ፊቷ በቀኝ በኩል ተጣሞ ነቃች። ነፋስ ነው የመታት አሉ። አፏ እየቆየ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የቀኝ ቅንድቧ ግን ዓይኗ ላይ እንደወደቀ ቀረ። ወስፌዋን ይዛ የሰው ፀጉር ስትከፍል ቅንድቧን በጣት ካልደገፈችው መስመሩ አይታያትም። ለመጎንጎን ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ቅንድብ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ ከየት ይምጣ?

አስባ አስባ መላ አገኘች። የራሷን ፀጉር በቀኝ በኩል ከግንባሯ ዳር አንሥታ እስከ ማጅራቷ ድረስ አጥብቃ ጎነጎነችው። ቅንድቡም ተነሣ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «ዙፋንስ ቅንድቧን እንደ በቅሎ ማጅራቷ ላይ አስራ ነው የምታሳድረው» ይሏት ነበር። ሳቁና ሳቁና ደግሞ፣ ግንባራቸው መጨማደድ የጀመረው፣ ለእኛም እንደዚያ ሳቢልን ማለት አመጡ። ዕድሜ ቀናሹ ሹሩባ የተወለደው እንዲህ ነው።

ዓመታት አለፉ፤ ማሬም አድጋ ዐረብኛውን ከአማርኛው የምታቀላጥፍ ልጅ ወጣች፤ የእሷንም ፀጉር እናቷ አጥብቃ ትጎነጉንላት ነበር። ዙፋን ሹሩባዋ ላላ ባለ ቁጥር ታጠብቀዋለች፤ የቆሰለውን የራስ ቆዳዋን በሰሊጥ ዘይት ታሸዋለች። የግንባሯ ዳር ፀጉር እየተነቀለ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ እሷም ከኋላ ካለው እየቆነጠረች ትይዛለች። በኋላ ግን በቀኝ ዓይኗ የምታየው ሁሉ ጉም ለበሰባት። ያው ቅንድቡ ነው አለችና አሁንም አጠበቀችው። ጉሙ አልገፈፈም። አንድ ቀን ወስፌው ሳተና የአንዲት ሙሽራ ጆሮ ጫፍ ወጋ። የሙሽራይቱ እናት ልጅቱን አስነሥታ ይዛት ሄደች።

ከካርቱም በጦርነቱ ተፈናቅለው ከመጡት መካከል አንድ ሐኪም እንዳለ ለዙፋን የነገረቻት ማሬ ናት። ያ ሰው በሰላሙ ጊዜ የባለጠጎችን ሚስቶች ቅንድብ ያነሣ ነበር አሉ። ግንባር ሳይተለተል፣ ከፀጉር ውስጥ በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ፣ ጠባሳው ሳይታይ። ዙፋን ይህን ከሰማች በኋላ ሌላ ወሬ አልሰማም አለች። ቅንድቤ ከተነሣ ዓይኔ ያያል፤ ዓይኔ ካየ እጄ እንጀራዬን አይነፍገኝም ትል ነበር።

ሐኪሙ ከሲታ፣ ድምፁ የደከመ ሰው ነው። ዙፋንን «ኻላ» ብሎ፣ አክስቴ እንደማለት፣ አስቀመጣትና ማሬን አስተርጓሚ አደረገ። ነገሩን ሳይደብቅ ዘርዝሮ ነገራት። ከፀጉሩ መስመር ኋላ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ በአንዱ ካሜራ ያለበት ቀጭን ዘንግ ይገባል፤ በሌሎቹ የግንባሩ ሥጋ ከአጥንቱ ተላቅቆ ወደ ላይ ተስቦ ይታሰራል። ታካሚው ያን ዕለት ወይም በማግሥቱ ቤቱ ይገባል። ዓይኑ ዙሪያ ሁለት ሳምንት ያህል ያብጣል፣ ይጠቁራል። የራስ ቆዳው ለወራት ይደነዝዛል፣ ያሳክካል፤ ቀዳዳው ዙሪያ ፀጉር ሊረግፍ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ቅንድብ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ይጎዳል። የዐይን ሽፋኑ ቆዳ ራሱ ተርፎ ከሆነ ይህ አያስተካክለውም። የተነሣውም ቢሆን ለዘላለም አይቆምም፤ ከዓመታት በኋላ መውረዱ አይቀርም።

ዙፋን ይህን ሁሉ በየተራ ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለች። እብጠቱንም ማሳከኩንም እችላለሁ በይው አለች። ሐኪሙ ሻሿን እንድታወልቅ ጠየቃት። አወለቀች። ሹሩባዋን በጣቱ ዳሰሰና ከግንባሯ እስከ አናቷ የተራቆተውን ቆዳ አይቶ ቆየ።

«አንቺና እኔ ሥራችን አንድ ነው ኻላ» አላት። «አንቺ ከላይ ጎተትሽ፣ እኔ ከውስጥ እጎትታለሁ። ግን እኔ ቀዳዳዬን የምደብቀው ፀጉር ውስጥ ነው። ያንቺን ሹሩባው ወስዶታል። ግንባሩ እንዲህ ለረዘመና ፀጉሩ ለሳሳ ሰው ይህ መንገድ አይሆንም።»

ካሜራውም ካርቱም ተዘርፎ መቅረቱን ጨምሮ ነገራት። ዙፋን ሌላ መንገድ የለም ወይ አለች። አለ፤ ከቅንድቡ በላይ ቆዳውን ቆርጦ ማንሣት፤ ጠባሳው ግን ፊት ላይ ይታያል። ይታይ፣ ምን ቸገረኝ አለች ዙፋን።

ሐኪሙ ዓይኗን እንድትጨፍን አዘዛት። ጨፈነች። ባትሪ አበራ፤ ቁስል የሚያሳይ ቢጫ ጠብታ ጨመረ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያም ማሬን ጠርቶ እንድታይ አደረጋት። የእናቷ የቀኝ ዓይን አልተጨፈነም ነበር። ከሽፋኑ በታች ነጩ እንደ ክር ይታያል።

«እምዬ» አለች ማሬ፣ «ሁልጊዜም ስትተኚ እንዲህ ነሽ እኮ። ልጅ ሆኜ፣ ተኝተሽም የምትጠብቂኝ ይመስለኝ ነበር።»

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ነገራት። ያ ፊቷን ያጣመመው በሽታ ቅንድቡን ብቻ ሳይሆን ዓይን የሚያስጨፍነውንም ነርቭ ይዞታል። የወደቀው ቅንድብ ያንን የማይከደን ዓይን እንደምንም ሲሸፍንላት ኖሯል። ሹሩባው ቅንድቡን ባነሣው ቁጥር ዓይኑ ለአቧራውና ለፀሐዩ ተገለጠ፤ ደረቀ፤ ጥቁሩ ላይ ጠባሳ ወጣበት። ጉሙ ያ ጠባሳ ነው። አሁን ቅንድቡን በቢላ ቢያነሣው የቀረውንም ብርሃን ይጨርሰዋል።

«ሹሩባውን ፍቺው» አለ። «ጠብታውን ቀን ቀን፣ ማታ ደግሞ ዓይኑን በፕላስተር ዝጉት። የጠፋውን አልመልስልሽም፤ የቀረውን ግን ያቆየዋል።» ወደ ማሬም ተመለከተና፣ ያንቺ የግንባር ዳር ፀጉር ገና አላለቀም፣ ሹሩባሽን ካላላሽው ይመለሳል አላት። ማሬ ይህንን ለእናቷ አልተረጎመችም። ዙፋን ግን እዚያ አገር ላደገች ሴት የሚበቃ ዐረብኛ ታውቃለች።

ቤት እንደገቡ መጀመሪያ ማሬን አስቀምጣ የልጇን ሹሩባ ፈታች። ቀጥላ የራሷን። የመጨረሻው ጉንጉን ሲፈታ ቅንድቧ ተመልሶ ዓይኗ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ መስመሩን በወስፌ የምታወጣው ማሬ ናት፤ ዙፋን በጣቷ እየዳሰሰች ትጎነጉናለች፤ ታላላዋለች። ለተገብርኤል የምትባል የዱሮ ደንበኛዋ ለወንድሟ ሠርግ ከስደተኞች ሰፈር መጥታ በመስተዋት ራሷን አየችና «ላላ እኮ እቴ። ሹወያ፣ ትንሽ አጥብቂው» አለች። ዙፋን አላጠብቅም አለች፤ ምክንያቱንም ነገረቻት፤ ሻሿን ገልጣ አሳየቻት። ለተገብርኤል ደንግጣ ከንፈሯን መጠጠች። በማግሥቱ ግን መንገዱ ማዶ ዳስ ጥላ ከተቀመጠችው ወጣት ሹሩባ ሠሪ ዘንድ ተሠርታ፣ ግንባሯ ተወጥሮ፣ ቅንድቧ ተሰቅሎ በረክሻ አለፈች። ሌሎቹም እየዋሉ እያደሩ ወደ ማዶ ተሻገሩ። ዙፋን ለሰማት ሁሉ ትናገራለች፤ ሴቶቹ ግን ገበያዋን ስለተቀማች ነው፣ ቅናት ነው አሉ።

ሲመሽ ማሬ ጠብታውን ታወርድላትና ፕላስተሩን ትቆርጣለች።

«ዝጊው፣ እምዬ።»

«ዘግቼዋለሁ» ትላለች ዙፋን።

ማሬ ነጩን ክር ታየዋለች። ሽፋኑን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳብ አድርጋ ፕላስተሩን ትለጥፍበታለች።