«ይበቃሻል» ያሉኝ ቤት

የልጅ ልጄ ወጥ ስትጨልፍልኝ «እማማ፣ ይበቃሻል?» ትለኛለች። ክፋት የላትም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ደረቴን ያቃጥለኛል። ቆዪ ልንገርሽ፤ ያለ ነገር የምትቆጣ አሮጊት አታድርጊኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እናቴ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ እየወረደች ፈረንሳይ ለጋሲዮን ትሸጥ ነበር። ከደንበኞቿ አንዷ፣ የባለሥልጣን ሚስት፣ «ይቺን ልጅ ስጪኝ፤ ከልጄ ጋር ላስተምራት» አለቻት። እናቴ መሬት ስማ ሰጠችኝ። እኔም ደስታዬን አልቻልኩትም፤ አስተማሪ ካልሆንኩ የምሞት ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ ስሜ ነበር። ከእመቤቲቱ ልጅ ስም ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። «በአንድ ቤት ሁለት እንዴት ይሆናል?» አለች የገባሁ ዕለት፣ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ። «አንቺስ ‹ይበቃሻል› ነሽ።» ቤቱ በሳቅ ተሞላ። የሠራተኛን ስም መለወጥ ያኔ የጌቶች ወግ ነበር። ውሻቸውን እንኳ ስሙን አልቀሙትም እኮ!

ጠዋት ጠዋት የልጅቷን ቦርሳ ተሸክሜ እከተላታለሁ። ክፍል ስንገባ ግን አስተማሪው በገዛ ስሜ ይጠራኛል። እሱን ለመስማት ስል ብቻ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ዓይኔ እያነባ፣ ትምህርቴን በቃሌ አጠናለሁ።

የዓመቱ መዝጊያ ዕለት ወላጆች ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ዳይሬክተሩ «ከክፍሉ አንደኛ!» ብሎ ስሜን ጠራ። ገና የአባቴን ስም ሳያስከትል እመቤቲቱ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ልጇም ብድግ አለች። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ አየ። ከእመቤቲቱ ጎን ወደ ተቀመጠው ባለሥልጣን ባሏም አየ። ከዚያ የአባቴን ስም ዋጠና የሽልማቱን ብዕር ለእሷ ሰጣት። እያወቀ! አስተማሪያችን መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ከሰዓት ለደስታው እንግዳ ተጠራ። «ይበቃሻል! የእጅ ውኃ!» ማስታጠቢያውን ይዤ መሃላቸው ቆምኩ። ልጅቷ ብዕሩን ታገላብጣለች። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ትምህርቱ እንደሚቀርብኝ አውቃለሁ፤ ዝም ማለት ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«እትዬ፣ ስሜ ይሄ አይደለም። አንደኛ የወጣሁትም እኔ ነኝ» አልኩ።



«ወይ ጉድ!» አለች እመቤቲቱ። «ከእንጨት ሸክም ባወጣኋት አፍ አወጣችብኝ! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ!»

እናቴ ተጠርታ መጣችና እግሯ ላይ ወደቀች። «በማርያም፣ እትዬ፣ ልጅ ናት፣ ይማሯት!» እመቤቲቱ «ውሰጅልኝ» ብላ በሩን ዘጋችው። እሷ አሁን አፈር ሆናለች፤ በእናቴ ግንባር ላይ ለቀረው አቧራ ግን ይቅር አላልኳትም፤ አልልምም።

የየካን አቀበት ስንያያዘው እናቴ «ምን ነበረበት ዝም ብትይ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ አንደኛ የወጣሁት እኮ እኔ ነኝ።»

ቆመች። «ከነሱ ልጆች ሁሉ?»

«ከሁሉም።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

በማግስቱ ማለዳ ከራሷ የእንጨት ገመድ ላይ በእኔ ልክ ቆረጠችልኝ። ትከሻዬን እንዳይልጠኝም የሚያርፍበትን ቦታ ከነጠላዋ ቀድዳ ጠቀለለችው።