ኅዳር፣ ነጭ ዓሣና የሸምሱ እግር

ኅዳር ሲገባ ጅማ ዙሪያ ሰው ሁሉ ወደ ቡናው ይሄዳል፤ እኔና ሸምሱ ግን ወደ ዓሣው። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ እናንተ ልጆች የመንጠቆ ዘንግ መግዛት እንጂ ወንዝ ማየት ገና አልጀመራችሁም። ለቀማው ሲጧጧፍ የቡና ማጠቢያዎቹ ውኃቸውን ወደ ወንዝ ይለቃሉ። ትልቁ ወንዝ ይጠቁራል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ይገማል። ነጭ ዓሣ ይህን ስለማይችለው ሽቅብ ወደ ትንንሾቹ ጅረቶች ይሸሻል። ያኔ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ክንድ የሚያህል ዓሣ ታገኛላችሁ። የወንዙ መበላሸት ለእኛ ሰርግ ነበር።

ሸምሱ የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ልጅ ነው፤ ያኔ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እኔ እንደምታውቁኝ እዚሁ መንደራ ቆጪ ልብስ ሰፊ ነኝ። መንጠቆዬንም የማለብሰው ራሴ ነኝ። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ በክር እጠመጥምና ውኃ ላይ የወደቀ ዝንብ አስመስለዋለሁ። ኅዳር ላይ ጅረቱ ስለሚጠራ፣ ትል ብታንጠለጥሉ ዓሣው ከነክሩ አይቶ ይስቅባችኋል። ሸምሱ ደግሞ በእኔ ይስቅ ነበር። «ተስፌ፣ ለደንበኛ ሱሪ አላደርስ ብለህ ለመንጠቆ ካባ ትሰፋለህ!» ይለኛል።

አንድ የኅዳር እሑድ ማለዳ በደዶ መንገድ ወጣን። ባጃጁን አንድ ገበሬ ደጅ አቆምንና ወደ ጅረቱ ወረድን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ውኃው ላይ ጉም ተኝቷል። የእኛ አካሄድ በዳር ሳይሆን በውኃው ውስጥ ነው፣ ከታች ወደ ላይ። ዓሣ ፊቱን ወደሚወርደው ውኃ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው ስትመጡበት አያያችሁም። ዳሩም በሸንበቆና በቁጥቋጦ የታፈነ ነው። እግራችን እስኪደነዝዝ እንደዚያው ሄድን። በዳር ሄደን ቢሆን ኖሮ ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ እናይ ነበር። ከዚያ ጥቁር ወንዝ የሚሸሸው ዓሣ ብቻ እንዳልሆነም አንዳችን አላሰብንም።

አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ጅረቱ ሰፋ ብሎ ኩሬ ይሆናል። እዚያ ስወረውር ወዲያው ከባድ ዓሣ ያዘ፤ ዘንጉ ጎበጠ። «ያዘው! ዋላሂ እንዳትለቀው!» አለ ሸምሱ፣ በመረብ ሊቀልበው ወደ ዳር እየወጣ። ሸንበቆው መሐል በር የመሰለ ክፍተት ነበር፤ እዚያ ገብቶ ቆመ። ሰው የጠረገው መስሎን ነው። ሸንበቆው ተረግጦ ተኝቷል፣ ሣሩም በማጭድ የታጨደ ያህል አጥሯል። የጉማሬ መውጫና መግቢያ ነው። ጉማሬ ከውኃ ውጭ ተኝቶ ሲደነግጥ የሚያውቀው አንድ ነገር ወደ ውኃ መሮጥ ነው፤ መሐል ላይ የቆመውን አይዞርለትም።

መጀመሪያ የሰማሁት የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሣ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ሸንበቆው ተከፈለ። ሸምሱ ዘወር እንኳ ሳይል ጉማሬው ጭኑን ያዘው፣ አነሣው፣ ዳር ላይ ወረወረው። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ኩሬ ገባ። ውኃው ደረቴ ድረስ መታኝ። ገላው ክንዴን ታክኮ አለፈ፤ ሙልጭልጭ ያለ ነው። ሰጠመ፤ ኩሬው ዝም አለ።

አልፈራሁም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ምንም አልተሰማኝም ነው የምላችሁ። የእግሬ ድንዛዜ ሽቅብ ወጥቶ ደረቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ። እጄ ዘንጉን እንደያዘ ነው፣ ዓሣውም ይጎትታል።

የጉማሬው ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ በእኔና በሸምሱ መሐል። «ጀባዱ፣ ተስፌ! እንዳትንቀሳቀስ!» ብሎ ጮኸ ሸምሱ። በርታ ማለቱ ነው፤ ደሙ እየፈሰሰ እኔን ያበረታታል። ቆምኩ። መጮኹን ቀጠለ፣ ከዚያ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ያንቀሳቀሰኝ የእሱ ዝም ማለት ነው። ዘንጉን ለቅቄ በኩሬው ጠርዝ ሳልሮጥ ተራመድኩ። ጉማሬው ሲተነፍስ እርጥበቱ ፊቴ ላይ አረፈ። አየኝ፣ አየሁት፣ አለፍኩ።

የሸምሱ ጭን ተከፍቶ ነበር። ሽርጡን ቀድጄ ከቁስሉ በላይ አሰርኩ፤ የመረቡን እጀታ ሰብሬ አስገባሁበትና ደሙ እስኪቆም አጠማዘዝኩት። ሱቅ ቁጭ ብዬ ዚፕ የምቀይር ነበር የሚመስለው። ሸምሱ ዓይኑን ገለጠ።

«ጫማዬስ?»

«እግርህ ላይ ነው።»

«ውሸታም። አንዱን እግሬን ይበርደኛል።»

«ዝም በል፣ አትድከም።»

«አዲስ ነው እኮ፣ ፈልግልኝ። ያ ረቢ፣ አዲስ ጫማ!»

ጩኸቱን የሰሙ ቡና ለቃሚዎች መጡ። ጆንያ ውስጥ ሁለት እንጨት ሰክተው ተሸከሙት፤ መንገድ ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ ለምነን ጅማ ገባን። ነፍሱ ተረፈች። እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እናቱ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ካልሲዬ ገና እርጥብ ስለመሆኑ አስብ ነበር። ባለቤቴ «ደንግጠህ ነው፣ ይለቅሃል» አለችኝ። አልለቀቀኝም። ሸምሱ ዛሬ ተቀምጦ የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ይስቃል፣ ይሳደባል፣ ያን ቀን ሲያነሣ ደግሞ እንባው ይመጣል። እኔ ሙሉ አካሌን ይዤ ወጥቼ አንድ ቀን አላለቀስኩም። እወደዋለሁ፤ ግን ክራንቹን ሳይ የሚሰማኝ ነገር የለም፣ ይህም ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ጅረቱ የምሄደው ብቻዬን ነው፣ በዳር በኩል። እናንተም ስትወርዱ መጀመሪያ ጭቃውን እዩ። ሸንበቆ ውስጥ በር ካገኛችሁ አትግቡበት። ወንዙ የጠቆረ እንደሆነ ደግሞ ማን ማን ወደ ላይ እንደሸሸ ገበሬውን ጠይቁ።

ባለፈው ኅዳር ኩሬው ጋ ስደርስ ዱካ አገኘሁ። ሰፊ ነው፣ አራት ጣት አለው፤ ውኃው ገና ወደ ውስጡ እየሰረገ ነበር። አሁን፣ በዚህች ቅጽበት አለፈ ማለት ነው። አየሁት፣ ዐወቅሁት፣ መንጠቆዬን ወረወርኩ። ልቤ ትንሽ እንኳ አልፈጠነችም። ዓሣ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ስለዚህ ላባ ማሰር መማር ከፈለጋችሁ ሱቄ ኑ፣ ደስ ይለኛል። ወደ ጅረቱ ግን ከእኔ ጋር አትሄዱም። የሚፈራ ሰው ፈልጉ።