የትንሿ የጣሊያን መኪና ወለል

ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ያለው ጋራዥ ውስጥ ሦስት ነበርን፦ ልጄ ዳዊት የሱቁን ቁልፍ ይዞ ከመኪናዋ የፊት መብራት አጠገብ፣ ሻጩ በሯን ደገፍ ብሎ፣ እኔ ከኋላዋ። ዳዊት እዚያው አቅራቢያ ካትሌሆንግ ያለውን ሱቁን በዚያች ትንሽ ቀይ የጣሊያን መኪና ሊለውጥ ነው።

«ማዘር፣ የዚች ዓይነት ጥቂት ብቻ ናቸው የተሠሩት፤ ፋብሪካው ራሱ ተዘግቷል። ከአንድ ዶክተር ግቢ ወጥታ አታውቅም። ያልተነካች!» አለ ሻጩ።

እኔን ግን ትኩስ ስቱኮ፣ የቆርቆሮ ጉድለት የሚደፈንበት ልስን፣ ሸተተኝ።

አባቴ ፒያሳ በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ባትላሜራ፣ የተጋጨ መኪና አካል ጠጋኝ፣ ነበር። አንድ ቀን ምሳውን ሳደርስለት፣ የተጋጩ ሁለት ትንንሽ መኪኖች ከወገባቸው ቆርጦ፣ የአንዷን ፊት ከሌላዋ ጀርባ ሲበይድ አገኘሁት። ብየዳውን ስቱኮ ቀብቶ ምንጣፍ አለበሰው።

«ፊቷና ጀርባዋ አይተዋወቁም» አለኝ። ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ገዢው ሲመጣ ጣሊያኑ «ያልተነካች ናት» አለው። አባቴ አንገቱን ደፋ።

አሁን ጎንበስ ብዬ ከቀይዋ መኪና መቀመጫ ኋላ ምንጣፉን ገለጥኩና መዳፌን ሰደድኩ። ጣት የሚያህል እብጠት ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦታል።

«ማዘር፣ ምን ጠፋብዎት?» አለ ሻጩ እየሳቀ።

የዳዊትን እጅ ስቤ እብጠቱ ላይ አሳረፍኩት። ከሌላው እጁ የሱቁን ቁልፍ ወሰድኩና ወጣሁ።