ዊኒ ዳናት በእርምጃዋ የለካችው ቤት

ዊኒ ዳናት በአሥራ አራት ዓመቷ ስካርንቢ በሚባለው የመኳንንት ቤት ገረድ ሆና ገባች። በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሺር አውራጃ ያን የሚያህል ቤት ጥቂት ነበር። በጉልበቷ እየዳኸች ወለል ወለወለች፤ ምድጃ ጠረገች፤ ኋላም የገረዶቹ አለቃ ሆነች። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እጇ ያልነካው ግድግዳ አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባለቤቶቹ ጣሪያውን ማደስ ስላቃታቸው ቤቱን ለአፍራሾች ሸጡት። ደረጃው ተነቅሎ ተጫነ፤ የቀረው በድማሚት ወረደ። ዊኒ ከመንደሩ ሰው ጋር ቆማ አየች። አላለቀሰችም። ጎጆዋ ገብታ መስኮቷን ወለወለች፤ አቧራው እዚያ ድረስ መጥቶ ነበር።

ቦታው የበግ መሰማሪያ ሆኖ ሃያ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ አቶ ሆልጌት የሚባል ጡረተኛ መምህር በሯን አንኳኳ። በአውራጃው የፈረሱትን ትልልቅ ቤቶች ታሪክ እየሰበሰበ ነበር፤ የስካርንቢ ፕላን ግን የትም አልተገኘም።

"እኔ እሥልልዎታለሁ" አለችው።

በግድግዳ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ልኩን በድሮ እርምጃዋ ብዛት እያሰላች ሣለችው። ሆልጌት አየውና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወይዘሪት ዳናት፣ ስለ ቤቱ ከጻፉት እንግዶች ይቺን ክብ ክፍል የጠቀሰ የለም። ተምታቶብዎት እንዳይሆን።"

"እንግዳ ምን ሊሠራ ይገባል? ፋኖስ የምንወለውልበት ክፍል ነው።"

ሰውየው ወረቀቱን በጨዋነት ጠቀለለ። አለማመኑን ግን ፊቱ ላይ አየችው፤ ከነከናት።

በዚያው ዓመት ዝናብ ጠፋ። አንድ ጠዋት የበግ መሰማሪያው ባለቤት ሬግ ሌጌት መጣ።

"ዊኒ፣ ተነሺ፤ ቤትሽ ተመልሶልሻል።"

ከተቀበረው መሠረት በላይ ያለው ሣር ቀድሞ ስለደረቀ፣ የግድግዳዎቹ መስመር በሙሉ መሬቱ ላይ ቢጫ ሆኖ ወጥቷል። ሆልጌት ተጠርቶ ሜትሩን ይዞ መጣ። ዊኒ በዋናው በር ሳይሆን በገረዶቹ በር በኩል አስገባችው። ኮሪደሩን ጨርሰው ወደ ግራ ሲታጠፉ ክቡ ክፍል እንደ ሰሃን ቁጭ ብሏል።

ሆልጌት ተንበርክኮ ለካ። "ልኩን የሳቱት በግማሽ ጫማ ብቻ ነው" አለ።

"ሜትርህን አስፈትሸው" አለው ሬግ።

ሆልጌት ባርኔጣውን አወለቀ። "ይቅርታዎን። ፕላኑ መጽሐፉ ላይ ይወጣል። ከሥሩ 'የቀድሞ አገልጋይ' ብዬ ስምዎን ልጻፍ?"

"የገረዶች አለቃ" አለች ዊኒ፣ ቀሚሷን እያስተካከለች። "ኑ አሁን፣ ወጥ ቤቱን ላሳያችሁ።"